ያልሳቀ አላነበበም

ባለፈው ሰሞን፣ ወልድያ ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ምስር ስለቅም፣ የልጅ ልጄ ከተበላሸ የግድግዳ ሰዓት ያወጣችውን ባትሪ በድንጋይ ስትቀጠቅጥ ሰማኋት። ልቆጣት ብድግ አልኩ። አጠገቧ ስደርስ ግን ያ ጥቁር ዱቄት ሸተተኝና ቁጣው አፌ ላይ ጠፋ። እጇ እስከ አንጓዋ ጠቁሯል፣ አፍንጫዋ ላይም ነጠብጣብ አለ። «እማማ፣ ምነው ዝም አልሽ?» አለችኝ። ለሌላው ሰው የባትሪ ሽታ ይሆናል፤ ለእኔ የጥቁር ሰሌዳ ሽታ ነው። ያኔ በማስተምርበት መንደር ሰሌዳ የሚገዛ ዕቃ አልነበረም። የሞቱ የሬዲዮና የእጅ ባትሪ ድንጋዮችን ከየቤቱ ለቅመን፣ ፈልጠን፣ ውስጡ ያለውን ጥቁር ነገር ወቅጠን፣ ከግራዋ ቅጠል ጭማቂ ጋር ለውሰን ሣንቃ እንቀባ ነበር። ሲደርቅ ለተወሰነ ጊዜ ያገለግላል፤ ከዚያ እንደገና የባትሪ ልመና ነው። በመንደሩ ሬዲዮ ያለው ማን እንደሆነ፣ የማን ሬዲዮ ድምፁ እየሰለለ እንደመጣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። «እትዬ፣ የእኛ ሬዲዮ ዛሬ አምባሰሉን ሳይጨርስ ሞተ!» እያሉ ልጆቹ እየሮጡ መጥተው የምሥራች ይነግሩኝ ነበር።

ዓመተ ምሕረቱን የሚፈልግ ታሪክ አዋቂ ይጠይቅ። እኔ ያንን ዘመን የማስታውሰው በዋጋውና በልብሱ ነው። እንቁላል በአሥር ሳንቲም፣ ባርኔጣ ሙሉ የመርሳ ብርቱካን በአንድ ብር የሚገዛበት፣ ጎረምሳው ሁሉ እግሩ ሥር የሰፋ የቴትሮን ሱሪ ለብሶ መንገድ የሚጠርግበት፣ ኮንጎ ጫማ ያለው ልጅ ጫማው እንዳያልቅበት በእጁ ይዞ የሚሄድበት ጊዜ ነው። የሰሜኑ ጦርነት በርትቶ ነበር። የጦሩ መስመር አንዴ ወዲያ አንዴ ወዲህ ይል ስለነበር፣ ጠዋት የተሰበሰብነው በአንዱ ስም፣ ማታ የተበተንነው በሌላው ስም የሆነበት ቀን ሞልቷል። እኔ ከመምህራን ማሠልጠኛ የወጣሁ የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ነበርኩ። ፀጉሬ አፍሮ፣ ጉርዴ ቡናማ ፖሊስተር፣ ጫማዬ የሸራ። ወልድያ መናኸሪያ ጥግ ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም ጠጥቼ አውቶቡስ ላይ ስወጣ፣ እናቴ የሰጠችኝን የበሶ ቋጠሮ ሰው እንዳያይብኝ ጉርዴ ሥር ደብቄው እንደነበር ትዝ ይለኛል። የጉባ ላፍቶ ደገኛ ነኝ፤ የተመደብኩበት ደግሞ ከግራና ወዲህ ያለች የቆላ መንደር ናት። ገና እንደደረስኩ ሴቶቹ እጄን አገላብጠው አይተው፣ «ይቺ ገብስ በሊታ ከሙቀቱ ጋር ሳምንት አትሰነብትም» ብለው ሳቁብኝ። እኔ ግን ሰነበትኩ፤ ሰንብቼም ማንም ያላስተማረውን ዓይነት ትምህርት አስተማርኩ። ይህን ስል አላፍርም። በስተርጅና ትሕትና የሚያምርባቸው ሌሎች ናቸው።

ትምህርት ቤታችን ቆርቆሮ ክዳን ነበረው። በሰላሙ ጊዜ የመንደሩ ኩራት ያ ክዳን ነበር፤ ከግራና ገበያ የሚመለስ ሰው ከሩቅ ሲያብለጨልጭ አይቶ «ደረስን» ይላል። አውሮፕላን መምጣት ሲጀምር ግን ያው ብልጭታ ጠላት ሆነብን። መጀመሪያ ቅጠል አለበስነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ንፋስ ይወስደዋል። በኋላ ሽማግሌዎቹ ተመካክረው፣ «ክዳኑ ይቅር፤ ልጆቹ ይሻሉናል» አሉና ሰሌዳችንን ተሸክመን ከሸለቆው ውስጥ ወዳለ ትልቅ ሾላ ሥር ወረድን። ነጭ ልብስ ተከለከለ። እናቶች ነጠላቸውን በቅጠልና በጭቃ እየነከሩ አጠየሙት፤ በዓል ሲመጣ ያ የጠየመ ነጠላ ነበር የሚያስለቅሳቸው። ልጆቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ አቧራውን በእጃቸው ደልድለው፣ በጣታቸው ወይም በስንጥር ይጽፉ ነበር። ደብተር ያለው አንዳንድ ልጅ ብቻ ነው፤ እሱም በእርሳስ ጽፎ፣ በዳቦ ፍርፋሪ አጥፍቶ፣ እንደገና ይጽፍበታል። ዛሬ የልጅ ልጄ አንድ መስመር ስትሳሳት ሙሉ ገጽ ቀድዳ ስትጥል ዓይኔን እጨፍናለሁ።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። በዚያ ጊዜ ልጅ የሚማረው ሀ ሁን ከላይ እስከ ታች በዜማ በመጮህ ነበር። ዜማው ይዋጣል፤ ፊደሉ አይዋጥም። ከገበታው መሐል አንዷን ነጥለህ «ይቺ ማናት?» ብትለው ልጁ ከሀ ተነሥቶ እየዘፈነ ካልመጣ አይደርስባትም። እኔ ደግሞ ጊዜ አልነበረኝም። ነገ ይህ ሾላ ሥር እንኖር እንደሆነ አይታወቅም። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ልጆቹ እንካ ሰላንትያ ሲጫወቱ ሰማሁ። አንዱ፣ «እንካ ሰላንትያ!» ይላል። ሌላው፣ «በምንትያ?» ይላል። «በገበያ!» «ምን አለህ በገበያ?» «ሰው ሁሉ ሲመለስ ከገበያ፣ አንተ ቆመህ ቀረህ እንደ አህያ!» ሳቁ ሸለቆውን ሞላው። እኔ እዚያው ብድግ ብዬ ጠመኔዬን አነሳሁ። ገበያ። አህያ። ወልድያ። ሦስቱን አንዱን ከሌላው በታች ጻፍኩና መጨረሻቸውን አከበብኩት። «እነዚህ ወንድማማቾች ናቸው፤ በምን አወቅን?» አልኳቸው። ከዚያ አንዲት ልጅ ተነሥታ በጣቷ ነካችው፤ «ቂጣቸው አንድ ነው!» አለች። ከዚያ በላይ ምን ይባላል?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዙሪያችን ያለው አገር ሁሉ መማሪያ ሆነልን። ከወልድያ ገበያና አህያ መጡ። ከመርሳ ምሳ፣ ካሳ፣ አንበሳ መጡ። ከሲሪንቃ ዕቃ፣ ጨረቃ፣ ጠበቃ። ከግራና ቡና፣ ጤና፣ ደመና። ቂጣቸው አንድ ነው ያለችው ልጅ መዲና ትባላለች፤ ራሷን ከግራና ቤተሰብ ውስጥ ስታገኘው ቀኑን ሙሉ ለሁሉ ሰው «እኔ የቡና እኅት ነኝ» ስትል ዋለች። ጠቆር ያለች፣ ሻሿ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን የሚንሸራተት፣ ስትናገር እጇን የምታወናጭፍ ልጅ ነበረች። ከሁሉም ቀድማ ትይዛለች፣ ከሁሉም በላይ ትጮኻለች። በወር ጊዜ ውስጥ ሰሌዳው ላይ የምጽፈውን ሁሉ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ያወርደው ጀመር። መንገደኛ ቆሞ ይሰማናል። እኔም አንገቴ ረዘመ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚሉትን ተረት የረሳሁት ያኔ ነው።

አንድ ጠዋት የመዲና አባት ጋሽ እንድሪስ መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ሁለት እጃቸውን የሚሰቅሉበት ገበሬ ናቸው። ከልጆቹ ኋላ ቆሙ። ደስ አለኝ፤ ላሳያቸው ፈለግሁ። ሰሌዳው ላይ «ምሳ» የሚል ነበር። ልጆቹ አንብበው ሲጨርሱ ከፊት ያለችውን «ም» በመዳፌ አጥፍቼ «ካ» ጻፍኩባትና «እሺ፣ አሁንስ?» አልኩ። ክፍሉ በሙሉ፣ መዲናም ከሁሉ በላይ፣ «ምሳ!» ብለው ጮኹ። እንደገና አመለከትኳቸው። «ምሳ!» አሁንም የባሰ ጮኹ። የሚያዩት መጨረሻውን ብቻ ነበር ለካ። ቂጡን አይተው ራሱን በግምት ይጠሩታል። ያ ሁሉ ሳምንት ያነበቡ የመሰለኝ ሲዘፍኑ ኖረዋል።

ልጆቹን ለእረፍት ለቀኳቸው። ጋሽ እንድሪስ ቀስ ብለው ቀረቡኝ።

«አነበቡ?» አሉኝ።

«አነበቡ፣ ጋሼ።»

«ወላሂ አላነበቡም። እኔ ፊደል ባላውቅ ፊት አውቃለሁ። ፊትሽ አመድ መስሏል።»

ሰውየው አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው፣ አስተማሪዋ» አሉ። «የመዲና ወንድም ለውትድርና ከተወሰደ ወዲህ እጅ አጥሮኛል። እናቷ ወገቧን ታማለች። ውሃው ያለው ከገደሉ ማዶ ነው። ይቺ ልጅ ከእኔ ቤት ውሃ ሳትቀዳ፣ ፍየል ሳትጠብቅ እዚህ የምትውለው ለትምህርት ነው ብዬ ነው። ለዘፈን ከሆነ እንስራ ይዛም ትዘፍነዋለች።»

«ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ታገሡኝ። ስሕተቱን አይቼዋለሁ፤ አስተካክለዋለሁ። መዲና እንደሷ ያለ ልጅ አላየሁም፤ ካስወጧት ይቆጨዎታል።»

«ማስተካከልሽን በምን አውቃለሁ? አንቺ ‹አነበበች› ትይኛለሽ። አሁንም እንዲያው ብለሽኝ ነበር።»

እውነታቸውን ነው። መሬቱን በዱላቸው እየቧጨሩ አሰቡ። ከዚያ ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ ነጋዴ የሚመስል ነገር አየሁ።

«መርሳ እወስዳታለሁ» አሉ። «አዝመራው ከመግባቱ በፊት ባለው ገበያ። እዚያ ያለውን በር ሁሉ አውቀዋለሁ፤ የቱ ሥጋ፣ የቱ ሻይ፣ የቱ መድኃኒት እንደሚሸጥ። በየበሩ ላይ ያለውን ጽሕፈት ታንብብልኝ። እኔ ከማውቀው ጋር ከገጠመ ትማር። ካልገጠመ እንስራዋን ትያዝ፤ ቅሬታ የለም።»

«በሩ ክፍት ከሆነ ውስጡን አይታ ብትናገርስ?»

«በዚህ አውሮፕላን በቀን በር የሚከፍት ማን አለ? ሁሉም ዝግ ነው። ልጅቷ ደግሞ መርሳን የምታውቀው እናቷ አዝላት ሄዳ ነው። አንቺም መምጣት ትችያለሽ። ግን ትንፍሽ እንዳትይ።»

ከዚያ በኋላ ፈተና አይቻለሁ፤ የሚኒስትሪውንም የማትሪኩንም ታዝቤያለሁ። አንድ ፊደል የማያውቅ ገበሬ በቆመበት የፈጠረውን ያህል ጥብቅ ፈተና ግን አላየሁም።

ያን ሌሊት ተገላበጥኩ ብዬ አላጋንንም፤ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ። ጠዋት ስነቃ መፍትሔው አብሮኝ ነቃ። እንካ ሰላንትያውን አልተውም፤ ግን አጣምመዋለሁ። ሰሌዳው ላይ፣ «ሰው ሁሉ ሲበላ ምሳ» ብለው የለመዱትን ትቼ፣ «ሰው ሁሉ ሲበላ አንበሳ» ብዬ ጻፍኩ። «በዜማ አይደለም። በልባችሁ አንብቡ። ያነበበ ይስቃል፤ ያልሳቀ አላነበበም» አልኳቸው። ዝም ብለው አፈጠጡ። ከፊት ያሉት «ምሳ» ብለው በከንፈራቸው አነበቡና እኔን አዩኝ። ምንም የሚያስቅ ነገር የለም። ቆይቶ ከመሐል መዲና ብቻዋን ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ተንፈቀፈቀች። «እትዬ አብደዋል! አንበሳ በሉ ይላል!» አለች። ክፍሉ ሁሉ ወደ ሰሌዳው ተመለሰ፣ አሁን ከራስ ጀምሮ፤ ሳቁም አንድ በአንድ ተነሣ። በየቀኑ እያጣመምኩ ጻፍኩላቸው። እናታችሁ ጨረቃ አጠበች። ጎረቤት ደመና አፈላ። አህያ ተጭኖ በአህያ ሄደ። አንዳንዱን ራሳቸው ጻፉልኝ፤ እዚህ የማይጻፍም ነበረበት። ቂጡ ቶሎ እየጎተተ ለሚያስቸግረው ደግሞ በመዳፍ መሸፈንን አስተማርኩ፤ «ቂጡ የሁሉም ነው፤ ራሱን ጥራ። ራሱን ካወቅህ መዳፍህን አንሣ።» መዲና መዳፏን ወደ ዓይኗ ስታነሣ የምታማትብ ትመስል ነበርና የክርስቲያን ልጆቹ ይስቁባት ነበር።

አሁን ያሉት ወጣት መምህራን ቀለም ያላቸው ካርዶች አሏቸው። አንዷ በቅርቡ ቤቴ መጥታ፣ «ልጆቹ የቃሉን መጨረሻ ብቻ እያዩ ይገምታሉ፤ ምን ላድርግ?» አለችኝ። ብርጭቆዬን አስቀምጬ፣ «አስቂያቸው» አልኳት። ሌላም የምጨምረው አልነበረኝም።

የገበያው ቀን ደረሰ። ገና ጎህ ሲቀድ ከመንደሩ ወጣን። ጋሽ እንድሪስ ከፊት ፍየል እየነዱ፣ መዲና ከመሐል ኮንጎ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ እኔ ከኋላ። ፀሐይ ሳትከር ገበያው አልቆ ሰው መበተን አለበት፤ አውሮፕላኑ የሚመጣው ከረፋዱ ጀምሮ ነው። መንገዱ ላይ የሚያጋጥመን ሁሉ ቅጠል አናቱ ላይ ጣል አድርጓል። መዲና ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ስጠጋት የፊደል ራሶችን ለብቻዋ ትጠራለች። «ፈራሽ?» አልኳት። «የፈራሁት አባን ነው እንጂ ፊደሉን አይደለም» አለችኝ። ትንሽ ሄዳ ደግሞ፣ «እትዬ፣ ካላነበብኩ ግን ሾላው ሥር ውሃ ይዤ ስመጣ ያስተምሩኛል?» አለች። «ታነቢያለሽ» አልኩ፤ የምለው ጠፍቶኝ ሳይሆን ስለማምን ነው።

የዚያን ጊዜዋ መርሳ ትዝ ትለኛለች። ዋናው መንገድ ግራና ቀኝ የተሰለፉ የጭቃ ቤቶች፣ ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀቡ የጣውላ በሮች፣ ከበሩ በላይ ሠዓሊው እንደቻለ የጻፈው ጽሑፍ። ከከተማው ዳር ማንጎ ዛፎች ሥር ብርቱካንና ፓፓያ የሚሸጡ ሴቶች ተደብቀው ይጮኻሉ፤ መንገዱ ላይ ግን ከአቧራ በቀር የለም። ከአንድ ዝግ ሻይ ቤት ውስጥ ቴፕ ትዝታ ያወርዳል፤ ዘፋኙ ብቻውን የቀረ ይመስል ነበር። ጋሽ እንድሪስ ፍየላቸውን ለአንድ ዘመድ ሰጥተው መጡና ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋደሙ። እኔ ቀና ብዬ የበሮቹን ጽሑፍ አነበብኩ። ሥጋ ቤት። ወፍጮ ቤት። ሻይ ቤት። መድኃኒት ቤት። መንገዱ በሙሉ መጨረሻው አንድ ነው! ሰውየው ሳያውቁ በወረዳው ውስጥ ካለ መንገድ ሁሉ ለመዲና ክፉውን መርጠውላታል። መናገር አልችልም፤ ትንፍሽ አልልም ብያለሁ።

«ይሄስ?» አሉ የመጀመሪያው በር ላይ።

መዲና ጫማዋን መሬት አስቀመጠች። መዳፏን ዓይኗ ፊት ዘርግታ «ቤት»ን ሸፈነች። «ሥ… ጋ…» መዳፏን አነሣች። «ሥጋ ቤት።»

«እህ። ይሄስ?»

ወፍጮ ቤት። «ጮ» ላይ ቆማ ከንፈሯን ነከሰችና ተወጣችው። ሻይ ቤት። መድኃኒት ቤት ላይ «ኃ»ን አላወቀቻትም፤ እኔ ገና አላስተማርኳትም ነበር። ላቧ በሻሿ ሥር ወረደ። «መ… ድ…» አለች፣ አንዱን ዘለለችው፣ «ኒ… ት»፣ ወደ ኋላ ተመለሰች፣ ጨመረችው። «መድኃኒት! መድኃኒት ቤት!» ጋሽ እንድሪስ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የእናትሽን ክኒን የገዛሁት እዚህ ነው» አሉ። ድምፃቸው ላልቶ ነበር። ሁለት በር ያህል ሳይጠይቁ አለፉና አንድ ሰማያዊ በር ላይ ቆሙ።

«ይሄ የመጨረሻው ነው። ይሄስ?»

መዲና ሸፈነች፣ አነበበች፣ መዳፏን አወረደች። «ፎቶ ቤት» አለች።

«አይደለም።»

ጋሽ እንድሪስ ፊታቸው ጨልሟል። «ዳቦ ቤት ነው። ወንድምሽን የወሰዱት ጊዜ ለመንገዱ ዳቦ የገዛሁለት እዚህ ነው። ይቺን በር እኔ አልረሳትም።»

መዲና እንደገና ሸፈነች። በአባቷ ፊት፣ በመንገድ ላይ፣ በእኛ አገር ሴት ልጅ የማታደርገውን አደረገች። «አባ፣ ይምቱኝ» አለች፣ «ግን ፎቶ ነው የሚለው። ዳቦ ቢሆን ራሱ ‹ዳ› ይሆን ነበር። ይሄ ‹ፎ› ነው።»

«መዲና!»

«‹ፎ› ነው፣ አባ።» እንባዋ ወረደ፤ ወደ ጽሑፉ የዘረጋችውን እጇን ግን አላወረደችም። እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ወተፍኩ፣ እውነቴን ነው። ብናገር ሁሉም ነገር ይፈርሳል፤ ዝም ብል ልጅቷ እንስራ ልትሸከም ነው።

ጋሽ እንድሪስ በሩን በዱላቸው መቱት። ቆይቶ በሩ ስንጥቅ ብሎ ተከፈተና አንድ ጋቢ የደረበ ወጣት ዓይኑን እያሻሸ ብቅ አለ።

«ዳቦ አለ ወይ?» አሉት።

«የምን ዳቦ፣ ጋሼ? ዳቦ ቤቱ ዱቄት አጥቶ ከተዘጋ ከረመ። እኔ ነኝ የተከራየሁት፤ ፎቶ አነሣለሁ። ዘንድሮ ዳቦ ባይኖር ወታደር ፎቶ ይነሣል።» ከበሩ በላይ አመለከተ። «ተጽፏል እኮ።»

በሩ ተዘጋ። ጋሽ እንድሪስ ዱላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ተደገፉት። ጽሑፉን ለረጅም ጊዜ ቀና ብለው አዩት። ከፊታቸው ላይ የማነበው ነገር አጣሁ። ከዚያ ተራመዱ። ትንሽ ሄደው አንድ የቆመ የጭነት መኪና ጎን ላይ የተጻፈ ነገር በዱላቸው ጠቆሙ። «ይሄስ?» አሉ። መኪናውን አያውቁትም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ድምፃቸው ተለውጧል። መፈተናቸውን ትተው ይጠይቁ ጀመር። መዲና አነበበችላቸው። የመብራት ምሰሶ ላይ የተለጠፈ ግማሹ የተቀደደ ወረቀት አሳዩዋት፤ ያለውን ያህል አነበበችላቸው። «ይሄስ? ይሄስ?» እያሉ፣ ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያልፉበት የኖሩትን መንገድ እንደገና ከመጀመሪያው ተመለሱበት። እኔ ከኋላቸው ሰማዩን እያየሁ እከተላለሁ።

ከማንጎው ሥር ስንደርስ ቆሙ። እጃቸውን ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አስገብተው በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። የገበሬ ማኅበሩ መታወቂያ ነው። በየኬላው ሲያሳዩት የኖሩት፣ ወታደሮች አይተው የሚመልሱላቸው። ላስቲኩን ቀስ ብለው ፈቱትና ለልጃቸው ሰጧት።

«ይሄስ ምን ይላል?»

መዲና አጎንብሳ አነበበች። «ስም። እ… ን… ድ… ሪ… ስ። እንድሪስ።» ቀና ብላ አየቻቸው። «የአባት ስም። ይ… ማ… ም። ይማም።»

ሰውየው ወደ ሰማይ አዩ፤ አውሮፕላን ፍለጋ አልነበረም። አባታቸው በክፉው የረሀብ ዘመን መንገድ ላይ ቀርተዋል፤ መቃብራቸው የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ይህን ሁሉም የመንደሩ ሰው ያውቅ ነበር።

«እስቲ የአባቴን ስም ደግሚው» አሏት።

«ይማም።»

«ደግሚው።»

«ይማም፣ አባ። እዚህ ነው ያለው።» በጣቷ አሳየቻቸው። አጎንብሰው ጣቷ ያለበትን አዩ። ወረቀቱን በላስቲኩ ጠቅልለው ወደ ኪሳቸው መለሱና ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ አልሸሸጉትም። እኔም አለቀስኩ፤ ለምን እዋሻለሁ።

«ሰኞ ትምህርት አለ?» አሉኝ።

«አለ፣ ጋሽ እንድሪስ። የውሃውስ ነገር?»

«ውሃውን እኔው እቀዳለሁ።»

«ሰው ምን ይልዎታል?»

«ይበል።»

ሰኞ ማለዳ ልጆቹን ይዤ ወደ ሾላው ስወርድ፣ እንስራ አዝሎ ከገደሉ ማዶ ሽቅብ የሚወጣ ወንድ አየሁ። በዚያ አገር ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ከዚያ በኋላም አላየሁም።